ገበናዬ በእኛ ሰው እጅ እንዳይወድቅ ፈራሁ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ማታ ማታ ልጄን እያጠባሁ አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ጭንቀት ይዤ መጥቻለሁ።

የምኖረው ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ነው። ባለቤቴ ስፖንሰር አድርጎኝ ከመጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እርጉዝ ሆኜ ነው የመጣሁት። ልጃችን እዚሁ ተወልዳ አሁን አምስት ወሯ ነው። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አንዴ ከወጣ አራት አምስት ቀን አይመለስም። እኔ አገር ቤት አካውንታንት ነበርኩ። እንግሊዝኛ አንብቤ እረዳለሁ፤ ሰው ሲያናግረኝ ግን ጆሮዬ ይደፈናል። በስልክ ከሆነማ ጭራሽ።

ሐኪም ቤት የምሄደው ከባለቤቴ እህት ጋር ነው። የምታስተረጉምልኝም እሷ ናት። ባለፈው ልጄን ለክትባት ስንወስዳት ነርሷ ወደ እኔ ዞራ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ። የባለቤቴ እህት ቶሎ ብላ መለሰችላት። «ምን አለችኝ?» ስላት፣ «እንዴት ነሽ ነው ያለችው፤ ደህና ናት አልኳት» አለችኝ። እኔ ግን ደህና አልነበርኩም። ምንም ሳልናገር ወጣሁ። ልንወጣ ስንል ነርሷ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ለአዲስ መጤዎች አገልግሎት የሚሰጥ ማዕከል አድራሻ ነው። እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፣ ፎርም ይሞላሉ፣ ከሌሎች እናቶች ጋር ያገናኛሉ ይላል። ሁሉም በነጻ ነው።

ወረቀቱን ለባለቤቴ ሳሳየው ፊቱ ተለዋወጠ። «እኛ ተመጽዋች አይደለንም። ስፖንሰርሽ እኔ ነኝ። አንቺ የመንግሥት መዝገብ ውስጥ ከገባሽ ነገ ዕዳው እኔ ላይ ነው የሚመጣው። እናትሽንም ላመጣልሽ አልችልም» አለኝ። እህቱ ደግሞ «እዚያ የሚሠሩት የእኛው ሰዎች ናቸው። ዛሬ የነገርሻቸው ነገር እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቀድሞሽ ይደርሳል» አለች። እሷ ያለችው ዝም ብሎ ወሬ አይደለም። አንዲት የማውቃት ልጅ ከባሏ ጋር ያላትን ችግር ለአስተርጓሚ ተናግራ፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኔ ጆሮ ገብቷል።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። አይመታኝም፣ አያዋርደኝም። ደክሞት ነው የሚገባው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከሕፃን ጋር ብቻዬን ውዬ፣ ማታ ማታ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። ወረቀቱ አሁንም ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው። ተደብቄ ልሂድ? ወይስ እስኪያልፍ ልታገሥ?

ስሜ ይቆይ፣ ከስካርቦሮ

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ።

መጀመሪያ ስለዚያች ነርስ ላውራ። «እንዴት ነሽ?» ብላ የጠየቀችው አንቺን ነው፤ የመለሰችላት ሌላ ሰው ናት። የባለቤትሽ እህት ክፋት አስባ አይመስለኝም። እኛ ዘንድ «እንዴት ናት?» ላለ ሰው ሁሉ መልሱ «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ነርሷ ግን ሰላምታ እየሰጠችሽ አልነበረም። ከወሊድ በኋላ እናቲቱ እንዴት እንደሆነች መጠየቅ ሥራዋ ነው። መልሱ ከአንቺ አፍ አለመውጣቱን አይታ ይመስለኛል ያንን ወረቀት የሰጠችሽ። እስቲ ልጠይቅሽ። በዚያች ሰዓት በአማርኛ የሚጠይቅሽ ሰው ቢኖርና ከሁለታችሁ ሌላ ማንም ባይሰማ፣ ምን ብለሽ ትመልሺ ነበር? ዛሬ ማታ ልጅሽ ስትተኛ ወረቀት ላይ ጻፊው። ለእኔ አትላኪው። ለራስሽ ያዢው፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

አሁን የባለቤትሽን ስጋት እንየው። ከመሬት ተነሥቶ የተናገረው አይደለም። ስፖንሰር ሲያደርግሽ ፈርሞ የገባው ግዴታ አለ። ፒአር፣ ማለትም የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ፣ ካገኘሽበት ቀን ጀምሮ ለሦስት ዓመት መሠረታዊ ፍላጎትሽን ሊያሟላልሽ ቃል ገብቷል። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ውስጥ አንቺ ዌልፌር፣ ማለትም መንግሥት ለተቸገረ ሰው በየወሩ የሚሰጠውን የድጎማ ገንዘብ፣ ብትወስጂ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ «ኦንታሪዮ ወርክስ» የሚሉትን ማለቴ ነው፣ መንግሥት ገንዘቡን እንዲመልስ እሱን ሊጠይቀው ይችላል። ዕዳው እስኪዘጋ ድረስም ሌላ ሰው ስፖንሰር ማድረግ አይችልም። ስለ እናትሽ የተናገረው ከዚህ የመጣ ነው። እናትሽ እንዲመጡ ከልቡ እያሰበ ነው ማለት ነው። ይህን ልብ በዪለት።

ግን የነርሷ ወረቀት ዌልፌር አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የፈራው። ወረቀቱ ላይ ያለው «ሴትልመንት» የሚባለው አገልግሎት ነው። ወጪውን በአብዛኛው የሚሸፍነው የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነው። የተዘጋጀውም እንዳንቺ ፒአር ላላቸው ሰዎች ነው። በእጅ የሚሰጥሽ ገንዘብ የለም። ስለዚህ የሚመለስ ዕዳም የለም። የእንግሊዝኛ ትምህርቱም፣ ቤተ መጻሕፍቱም፣ ኦሂፕ በሚባለው የኦንታሪዮ የጤና መድን የምትታከሚውም እንዲሁ ነው። ለልጅሽ በየወሩ የሚከፈለው የካናዳ ቻይልድ ቤኒፊት እንኳ ዌልፌር ተብሎ አይቆጠርም፤ እሱ በፈረመው ግዴታ ላይ አይጻፍም። እግረ መንገዴን ልጠይቅሽ፣ ይህ ክፍያ ተጀምሯል? ልጇን በዋናነት የምትንከባከበው እናት ናት ተብሎ ስለሚታሰብ ብዙውን ጊዜ ማመልከቻው በእናት ስም ነው የሚገባው። ካልተጀመረ ይህ ራሱ ማዕከሉ ሄደሽ የምትጠይቂው የመጀመሪያ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

«መንግሥት መዝገብ ውስጥ ትገቢያለሽ» ያለውንም በሐቅ ልመልስ። አዎ፣ ማዕከሉ ስምሽንና የፒአር ቁጥርሽን ይመዘግባል። በመንግሥት ገንዘብ ስለሚሠራ ማንን በምን እንዳገለገለ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ያደርጋል። ይህ ግን እንግሊዝኛ ተማረች፣ ስለ ሥራ ምክር አገኘች የሚል መዝገብ ነው። የዕዳ መዝገብ አይደለም። እናትሽን ለማምጣት ስታመለክቱ ዋናው የሚታየው የስፖንሰሩ ገቢ ነው። አንቺ እንግሊዝኛ ተምረሽ ሥራ ብትይዢ እንደ ባልና ሚስት ገቢያችሁን ደምራችሁ ማቅረብ ትችላላችሁ። ባለቤትሽ ይህንን ቢሰማ ደስ የሚለው ይመስለኛል።

«ተመጽዋች አይደለንም» ያለው ቃል ግን በሕግ ማብራሪያ ብቻ የሚፈታ አይመስለኝም። እዚያ ውስጥ ኩራት አለ፤ ምናልባትም ቁስል። እሱ ሲመጣ ማን ተቀበለው? የመጀመሪያውን ክረምት ማን ጋ አሳለፈው? ማንም አልረዳውም ከሆነ፣ እርዳታ መቀበል ለእሱ ሽንፈት ሊመስለው ይችላል። ይህን ጥያቄ ለክርክር ሳይሆን ለማወቅ ብለሽ አንድ ቀን ጠይቂው። ከፈለግሽ ይህንንም ንገሪው፦ ቶሮንቶ ውስጥ ካሉት ትልልቅ የአዲስ መጤ ድርጅቶች አንዱ የሆነውን ኮስቲን ያቋቋሙት የጣሊያን ስደተኞች ናቸው። እነሱም ቋንቋ ሳይችሉ መጥተው፣ ከኋላቸው የሚመጣው ሰው እንዳይቸገር ብለው ነው የጀመሩት። አሁን ከመላው ዓለም የመጣ ሰው ይገለገልበታል። የባለቤትሽ ግብርም ለእነዚህ አገልግሎቶች ይውላል።

ወደ ሐሜቱ ልምጣ። ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉ በላይ የያዘሽ ይህ ይመስለኛል፤ እኔም ቀለል አድርጌ አላየውም። የእኛ ማኅበረሰብ ትንሽ ናት። አንዱ የአንዱ ክርስትና አባት፣ ሌላው የዕድር አባል፣ ሌላዋ የድሮ ጎረቤት ናት። የሚያውቁሽ ሰዎች ማረፊያም ናቸው፣ ስጋትም ናቸው። ያቺ የምታውቂያት ልጅ የደረሰባት ነገር በደል ነው። አስተርጓሚው ሙያውን ነው የጣሰው። በሙያው የሚሠራ አስተርጓሚ የሰማውን ላለማውራት ግዴታ ይገባል። ሐኪም ቤት ሲሆን ደግሞ ኦንታሪዮ ከ2004 ጀምሮ የጤና መረጃን የሚጠብቅ ሕግ አላት። ግዴታ መኖሩ ብቻውን ግን አፍ አይዘጋም፤ ይገባኛል። ስለዚህ ራስሽ ማድረግ የምትችያቸውን ነገሮች ልንገርሽ።

አስተርጓሚው አጠገብሽ መቀመጥ የለበትም። ሐኪም ቤትም ማዕከልም በስልክ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። በስልክ ሲሆን ሰውዬው ሌላ ከተማ፣ ሌላ ክፍለ ሀገር ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ስማቸውን አይናገሩም፣ ቁጥራቸውን ነው የሚናገሩት። አንቺም ፊትሽን አታሳዪም። «ቶሮንቶ የማይኖር አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ነውር አይደለም። ድምፁን ካወቅሽው ወይም ልብሽ ካልተቀበለው «ቼንጅ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ» በዪ። ምክንያት ስጪ ብሎ የሚያስጨንቅሽ ሰው የለም። ሠራተኛዋ ራሷ ሐበሻ ከሆነችና የምታውቂያት ከሆነም ሌላ ሠራተኛ መጠየቅ ትችያለሽ። የእኛ ሰው የማይሠራበት ማዕከል መምረጥም መብትሽ ነው። ዳንፎርዝ ላይ ዉድግሪን አለ፤ ወደ ምዕራብ ካልቸርሊንክ አለ፤ ኮስቲን ቀደም ብዬ ጠቅሼዋለሁ። ሰፈርሽ ያለው ብቻ አይደለም ምርጫሽ። በሌላ ቀን፣ ልብሽ ሲረጋ፣ ቶሮንቶ ያለውን የኢትዮጵያውያን ማኅበርም ማየት ትችያለሽ። በአማርኛ ሲያወሩሽ የሚሰማው እፎይታ ሌላ ነው። ማኅበሩን ግን ለእንግሊዝኛና ለፎርም፣ የማያውቁሽን ማዕከል ለገበናሽ ብለሽ መለየት ትችያለሽ።

ደግሞም ገበናሽን ሁሉ ዘርግፊ ያለሽ ማን ነው? የመጀመሪያ ቀን «እንግሊዝኛ መማር እፈልጋለሁ፣ ሕፃን አለችኝ» ብለሽ ብቻ መውጣት ትችያለሽ። ትዳርሽን፣ ለቅሶሽን፣ የባለቤትሽን ንግግር ማንም የግድ አይጠይቅሽም። ሰውየዋን ካመንሻት በኋላ የምትነግሪያትን ትነግሪያታለሽ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እወቂው። ማንኛውም ሠራተኛ አንድ ልጅ እየተጎዳ ነው ብሎ ከጠረጠረ ለሕፃናት ጥበቃ የማሳወቅ ግዴታ በሕግ አለበት። ይህን ሰምተው «ልጄን ይወስዱብኛል» ብለው የሚሸሹ እናቶች አሉ። መጨነቅሽንና ማልቀስሽን መናገርሽ ብቻውን ልጅ የሚያስወስድ ነገር አይደለም። እርዳታ መፈለግሽ ለልጅሽ ማሰብሽን ነው የሚያሳየው።

የባለቤትሽ እህት የምታስተረጉምልሽን ነገርም እናስተካክለው። ቤተሰብ ቀጠሮ ለማስያዝ ጥሩ ነው፤ ስለ ገላሽና ስለ ስሜትሽ ለማውራት ግን አይሆንም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ ለክሊኒኩ አስቀድመሽ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ብለሽ አሳውቂ። እሷን አታስቀይሚያት። «አንቺ ልጇን ያዢልኝ፣ እኔ ቋንቋውን ልለማመድ» በያት። እውነት ነው፣ ውሸት የለበትም። ልጅሽን ስለምትወድ የሚከፋት አይመስለኝም።

ተደብቄ ልሂድ ወይ ብለሽኛል። እኔ መደበቁን አልወደውም። ኃጢአት ስለሆነ አይደለም። የእንግሊዝኛ ክፍል በሳምንት ብዙ ቀን ነው፣ ደብቀሽ አትዘልቂውም። አንድ ቀን ሲያውቅ ደግሞ ወሬው ስለ ትምህርቱ መሆኑ ይቀርና «ለምን ደበቅሽኝ» ይሆናል። ፈቃድ መለመንም ግን አይደለም። እንግሊዝኛ ለመማር ፈቃድ አያስፈልግሽም። በመሃል ያለው መንገድ ማሳወቅ ነው። ከመንገድ በገባ ሰዓት አታንሺው። ታጥቦ፣ በልቶ፣ ተኝቶ ይነሣ። ከዚያ እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «የፈራኸው ነገር ገብቶኛል። ዌልፌር አልጠይቅም። ይህ ግን ዌልፌር አይደለም፣ አንተ ላይም ዕዳ አያመጣም። ቀኑን ሙሉ ዝም ብዬ መዋል እየጎዳኝ ነው። አብረኸኝ ሂድና ራስህ ጠይቃቸው።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አትተያት። ብዙ ወንዶች ወሬውን ከሚስት ሳይሆን ከሠራተኛው ሲሰሙት ይቀላቸዋል። ባይሄድ እንኳ ሂድ ማለትሽ ምንም የምትደብቂው እንደሌለ ያሳየዋል።

«ክፉ ሰው አይደለም» ብለሽኛል፤ አምንሻለሁ። ቢሆንም ጥቂት ጥያቄዎች ልጠይቅሽ፣ መልሱን ለራስሽ መልሺ። ፓስፖርትሽና የፒአር ካርድሽ የት ነው ያሉት? ብትፈልጊያቸው ዛሬ ማግኘት ትችያለሽ? ለሥራና ለግብር የሚያስፈልገውን የሲን ቁጥርሽን ታውቂዋለሽ? በስምሽ የባንክ ሒሳብ አለሽ? ስልክሽን ሌላ ሰው ይከፍተዋል? ስትጨቃጨቁ «እመልስሻለሁ» ብሎሽ ያውቃል? መልሶቹ ካላስደነገጡሽ፣ የተጨነቀና የደከመ ባል ነው ያለሽ፤ በወሬ ይፈታል። አንዱ እንኳ ካስደነገጠሽ ግን ይህን እወቂ፦ ፒአርሽ የአንቺ ነው። ባል ስለተቆጣ አይሰረዝም። ድሮ አንዳንድ በትዳር የመጡ ሰዎች ሁለት ዓመት ከስፖንሰራቸው ጋር ካልኖሩ ፒአራቸውን ሊያጡ የሚችሉበት ደንብ ነበር። በፈረንጆቹ 2017 ተሽሯል። ወሬው ግን እስከ ዛሬ በየቤቱ አለ፣ ብዙ ሴት አስሮ ይዟል። እሱ የፈረመው የሦስት ዓመት ግዴታም ብትለያዩ እንኳ አይቀርም። ጉዳዩ ወደዚህ ካመራ ቤት ውስጥ ብቻሽን ከእሱ ጋር ማውራት የለብሽም፤ ከታች በምነግርሽ በ211 ደውለሽ የሴቶች መጠለያና ነጻ የሕግ ምክር ወዴት እንዳለ ጠይቂ። አደጋ ካለ 911።

አሁን ስለ ለቅሶው። ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ ብለሽኛል። ምክንያትማ ሞልቷል። ወልደሻል፣ እናትሽ አጠገብሽ የሉም፣ አራስ ቤት አልተጠየቅሽም፣ ሥራሽን ትተሻል፣ ቋንቋው አልገባልሽም። ግን ከብቸኝነት ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ የታወቀ ሕመም ነው፤ ወር ሁለት ወር ቆይቶም ሊጀምር ይችላል፤ ይታከማል። በእምነት ማነስ የሚመጣ አድርገው የሚነግሩሽ ካሉ አትስሚያቸው። እንቅልፍ ይወስድሻል፣ ልጅሽ ስትተኛ? ምግብ ይበላልሻል? ልጅሽን ስታያት ደስ ይልሻል ወይስ ባዶ ነው? ያንን ዛሬ ማታ የምትጽፊውን ወረቀት ለሐኪምሽ በአስተርጓሚ አንብቢላት። ቀጠሮው ከራቀ 811 ደውለሽ ነርስ ማነጋገር ትችያለሽ። ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ያን ሰዓት 988 ደውዪ ወይም ጽሑፍ ላኪ፤ ሌሊትም ይሠራል። አስቸኳይ ከሆነ 911። ይህን ከሁሉ አስቀድመሽ አድርጊው፤ እንግሊዝኛው አያመልጥሽም።

ከየት ልጀምር ካልሽኝ፣ ከማዕከሉ አልጀምርም። መጀመሪያ ወደ ኧርሊኦን ሂጂ። ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ልጆችና ለወላጆቻቸው የተዘጋጀ ቦታ ነው። ኦንታሪዮ ውስጥ በየሰፈሩ አለ፤ ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ውስጥ ናቸው። በነጻ ነው። ልጅሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ፣ ምንጣፍ ላይ ታስቀምጫታለሽ፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ተረት ይነበባል። አጠገብሽ ከሌላ አገር የመጣች፣ እንግሊዝኛዋ እንዳንቺ የተሰባበረ እናት ልትኖር ትችላለች። «ሃው ኦልድ?» ትልሻለች፣ «ፋይቭ መንዝ» ትያታለሽ። ጆሮ እንዲህ ባለ ቦታ ነው የሚከፈተው፤ ማንም አያጣድፍሽም። ባለቤትሽም ልጄን ጨዋታ ወሰድኳት ብትይው የሚከፋበት ነገር የለውም።

ከዚያ 211 ደውዪ። ነጻ ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ ስምሽን የግድ አትናገሪም። ስልኩ ሲነሣ ረጅም እንግሊዝኛ ይወርድብሻል። አትደንግጪ። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ» ብቻ በዪ። ምናልባት ጸጥ ይላል ወይም ሙዚቃ ይሰማል። እንዳትዘጊው፣ አስተርጓሚ እየፈለጉልሽ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ በአቅራቢያሽ ያለ ኧርሊኦን፣ ለአዲስ መጤዎች የሚያገለግል ማዕከል፣ የሊንክ ትምህርት መመዝገቢያ። ከመደወልሽ በፊት የቤትሽን የፖስታ ኮድ ጽፈሽ ያዢ፤ እሱን ነው የሚጠይቁሽ።

ሊንክ ማለት ለአዲስ መጤዎች የሚሰጠው ነጻ የእንግሊዝኛ ትምህርት ነው። ከመግባትሽ በፊት ደረጃሽን ይለኩልሻል፤ መስማት፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ ለየብቻ። ደረጃው ከ1 እስከ 12 ነው። መውደቅ የሚባል ነገር የለውም። ማንበብሽ ከፍ ብሎ መስማትሽ ዝቅ ሊል ይችላል፤ እንዳትሸማቀቂ፣ አገር ቤት የተማረ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚሆንበት። የፒአር ካርድሽን ወይም ስትገቢ የተሰጠሽን የፒአር ማረጋገጫ ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። አንዳንድ ማዕከል የልጅ መቆያ አለው። ከስንት ወር ጀምሮ እንደሚቀበሉ ጠይቂ፤ ልጅሽ ገና ትንሽ ስለሆነች አይሆንም ካሉሽ በኢንተርኔት የሚሰጠውን ጠይቂ። ወረፋ ሊኖር ይችላል። ስምሽን አስመዝግበሽ እየጠበቅሽ፣ የቶሮንቶ ቤተ መጻሕፍት የንግግር መለማመጃ ክፍሎች አሉት፣ እዚያ ሂጂ። አንዳንድ ቅርንጫፎቹ ላይ የሴትልመንት ሠራተኛም ይቀመጣል። ቤተ መጻሕፍት ስትገቢ ማንም ለምን መጣሽ አይልሽም፤ ሐሜት ለሚፈራ ሰው ከዚህ የተሻለ በር የለም።

ለምን አሁን፣ ለምን አልታገሥም ካልሽ፣ ይህ አገልግሎት ፒአር ላለው ሰው ነው። ዜግነት ስትወስጂ የሊንክ በር ይዘጋል። ጊዜው በትዕግሥት ካለፈ፣ ዛሬ የተከፈተልሽ በር በኋላ ላይጠብቅሽ ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። በቴሌግራምና በቲክቶክ «ፎርም እሞላልሻለሁ፣ ቤኒፊት አስጀምርልሻለሁ» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ አሉ። አብዛኛውን ፎርም የሴትልመንት ሠራተኛ በነጻ ያግዝሻል። የእናትሽ ጉዳይ የኢሚግሬሽን አማካሪ የሚያስፈልገው ከሆነ ደግሞ ከ2021 ወዲህ አማካሪዎችን የሚቆጣጠር ኮሌጅ አለ። ስሙን በድረ ገጹ ላይ ካላገኘሽው ብር አትክፈዪው፣ የሲን ቁጥርሽንም አትስጪው።

ስለ አካውንታንትነትሽ ዛሬ ብዙ አላልኩም፣ ረስቼው አይደለም። ለጊዜው አገር ቤት ላለ ወንድም ወይም ጓደኛ ደውለሽ ከዩኒቨርሲቲሽ ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት እንዴት በቀጥታ ወደ ውጭ እንደሚላክ አስጠይቂ። ዲግሪን የሚገምቱት ድርጅቶች ከተማሪው እጅ ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ የመጣ ይፈልጋሉ፤ ጊዜ የሚበላውም ያ ነው። የቋንቋ ደረጃሽን ተለክተሽ ውጤቱን ስትይዢ መልሰሽ ጻፊልኝ፤ የሥራውን ነገር ያን ጊዜ ቁጭ ብለን እናወራዋለን።